ዘመም ያለው ሾላና ገመዱ

ዘመም ያለ ዛፍ ሲያይ ያገሬ ሰው ሁሉ ባለሙያ ይሆናል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲው ባለበት በፔዳ አካባቢ በኪራይ ክፍሎች ጣሪያ ላይ ያዘመመ ባሕር ዛፍ ልጥል ሄጄ፣ መጋዜን ሳላስነሣ በምክር ጠገብሁ። አንዱ ከአናቱ ጀምረህ ቆራርጠው ይላል፤ ሌላው በመኪና አስጎትተው ይላል፤ ካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጡት ተማሪዎች ደግሞ ስልካቸውን ደግነው ቤቱ ላይ ሲወድቅ ለመቅረጽ ይጠባበቃሉ። ቤቱ ላይ እንደሚወድቅ በምን እርግጠኛ እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም።

ገመዱን ዛፉ ላይ ከፍ አድርጌ አሰርሁ። ሌላውን ጫፍ በእጅ ከሚዞር የብረት መጎተቻ ጋር አገናኘሁት፤ መጎተቻውን ደግሞ ከአንድ አሮጌ ጉቶ ጋር በሰንሰለት ጠፈርሁት። ልክ ስጨርስ ትከሻቸው ሰፋፊ የሆነ ጎረምሶች መጡና «ጋሼ፣ እኛ እንሳብልዎት፤ ምን ያደክምዎታል?» አሉኝ። ቅን ልጆች ናቸው። እኔ ግን ጮህሁባቸው። «ገመዴን የነካ ሰው እጁን በዚህ መጋዝ ነው የምቆርጠው!» አልሁ። ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡና ወደ ካፌያቸው ተመለሱ።

ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ሚስቴ «አንተን ሰው ሰላም ቢልህ ምን ፈልጎ ነው ትላለህ» ትለኛለች፣ አልተሳሳተችም። ያን ዕለት ግን ያስጮኸኝ ቁጣ ሳይሆን ፍርሃት ነው። ሰዎች ተሰልፈው ገመድ ሲይዙ ካየሁ ወንድሜ እንደገና ይሞትብኛል።

ሥራውን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ እንደ እኔ አልነበረም። ዝግ ያለ፣ ሲናገር ጆሮ ማቅረብ የሚያስፈልግ፣ ሰው ከማስቀየም እጁን ቢቆረጥ የሚመርጥ ሰው ነበር። ሚስት አላገባም። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ግቢ ተጎራብተን እንኖር ነበር፤ የእሱ ክፍል ሁልጊዜ የመጋዝ ዘይትና የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸት ነበር። እኔ ዛፍ ስር ስደርስ ቶሎ ሞተር ማስነሣት ነው የምወደው። እሱ መጀመሪያ ይዞረዋል። ምሳሩን ከእጀታው ጫፍ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፤ የተንጠለጠለው ምሳር ቀጥ ያለውን ያሳየዋል፣ ዛፉ ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ ያያል። ከአንድ ወገን አይቶ አይበቃውም። ዞሮ ከጎን ያያል፤ ወደ ፊት ብቻ ያዘመመ የሚመስል ዛፍ ብዙ ጊዜ ወደ ጎንም ዘመም ብሏልና። ቀጥሎ ቅርንጫፎቹን ያያል። ግንዱ ምንም ቀጥ ቢል ጭነቱ ወዴት እንደሆነ ካልታወቀ ዋጋ የለውም።

«ዘመም ያለ ዛፍ ወዴት መውደቅ እንደሚፈልግ ተናግሮ ጨርሷል» ይለኝ ነበር። «የኛ ሥራ ሐሳቡን ማስቀየር ነው። ግን ጨርሶ ወደ ኋላ ና ብትለው እሺ አይልህም። ወደ ጎን ና በለው።»

ማስቀየሪያውም ይህ ነው። ዛፉ እንዲወድቅ በሚፈለግበት አቅጣጫ ግንዱ ላይ አፍ ይከፈታል። ከዚያ ከጀርባው ይቆረጣል፤ ግን መጋዙ አፉ ድረስ አይደርስም። መሐል ላይ ሳይቆረጥ የሚቀር እንጨት አለ፣ እንደ በር ማጠፊያ የሚያገለግል። ወንድሜ ልጓም ይለው ነበር። ቀጥ ላለ ዛፍ ልጓሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ዘመም ላለ ዛፍ ግን ባዘመመበት በኩል ይቀጥናል፣ በተቃራኒው ይወፍራል፤ ወፍራሙ ወገን ዛፉን ይዞ ወደ ራሱ ይጎትታል። ባዘመመበት በኩል ደግሞ መጋዙ በከፈተው ስንጥቅ ሽብልቅ ይገባና በመዶሻ ይመታል። ሽብልቁ ይገፋል፣ ልጓሙ ይይዛል፣ ከላይ የታሰረው ገመድ ይጎትታል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ዛፉ ወደ መጀመሪያ ሐሳቡ ይመለሳል።

አባታችን ከሞቱ በኋላ እናታችን መነኮሱ። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስበት፣ በሐይቁ ዳር ያለ ደብር አጥር ጥግ፣ አንዲት የጭቃ ጎጆ ሠራንላቸው። ቆባቸውን ካጠለቁበት ቀን ጀምሮ «እናቴ» ማለት ቀረ። እማሆይ ሆኑ። «አንቺ» ማለትም አብሮ ቀረ። ወንድሜ ወዲያው ለመደው። እኔን ግን አፌ ላይ ይከብደኝ ነበር፤ ሌላ ሰው መጥቶ በእናቴ ቦታ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበርና ይህም ራሱ ያናድደኝ ነበር።

ጎጆዋ አጠገብ ሐይቁ ዳር አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። አንድ ክረምት ሐይቁ ሞልቶ ሾላው ሥር ድረስ መጣና አፈሩን ገንፎ አደረገው። ከዚያ ከሐይቁ የተነሣ ነፋስ ገፋውና በውሃው በኩል ያለው ሥሩ ተነቅሎ አየር ላይ ቀረ። ዛፉ ወደ ምድር፣ በትክክል ወደ እናታችን ጎጆ፣ አዘመመ። ሄደን ስናየው ቅርንጫፎቹ ከጣሪያዋ በላይ ተዘርግተው በጠራራ ቀን ጨለማ አድርገዋታል።

«ወደ ከተማ ይምጡ፣ ዛፉ እስኪነሣ እኛ ዘንድ ይቆዩ» አልናቸው።

«እዚች ጎጆ ውስጥ ልሞት ተስያለሁ» አሉ። «ከወደቀም ይውደቅብኝ። ስለቴን ትቼ የት እሄዳለሁ?»

እኔ ተቆጣሁ። ስለት የሚባለው ነገር የልጆችን እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ እግዚአብሔርም አይቀበለው አልሁ። ይህን ለመነኵሲት መናገር ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ወንድሜ እናታችን አጠገብ ቁጢጥ አለና በዚያ በማይሰማ ድምፁ «እማሆይ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ደጀ ሰላሙ ጋ ይቆዩልን። እኔ እጥለዋለሁ። ጎጆዎን አንድ ቅጠል አይነካብዎትም። ማታ እዚሁ ነው የሚተኙት» አላቸው።

አዩት። «ቃልህ ነው?» አሉት።

«ቃሌ ነው» አለ።

ዛፉ የደብሩ ነውና ፈቃድ መጠየቅ ነበረብን። የደብሩ አስተዳዳሪ የሆኑት ቄስ ፈቀዱ። ወንድሜ የነደፈውን ነገራቸው፦ ወደ ሐይቁ መመለስ አይቻልም፤ ከጎጆዋ ባሻገር ደግሞ መቃብር ነው። ግን በሐይቁ ዳርና በጎጆዋ መካከል ጎን ለጎን የሚሄድ የሣር ሜዳ አለ፤ ዛፉ ወደዚያ ይተኛል። ለዚህም ከከተማ የብረት መጎተቻ እናመጣለን አላቸው። ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በቤተ ክርስቲያን ዛፍ ላይ ከብረት የሰው እጅ ይሻላል» አሉ። «ምእመኑ ይሳበው። በረከት ይሁነው።»

ይህ የዚያ አገር ነገር ነው። ለቤተ ክርስቲያን በሚሠራ ነገር እጁ ያልገባበት ሰው ቅር ይለዋል። ግንብ ሲታነጽ አሮጊቷ ሳትቀር ድንጋይ ተሸክማ ትመጣለች፤ ያቺን ድንጋይ የሚቀበላት ባይኖር ታለቅሳለች። የተቆረጠ የደብር ዛፍም ወደ ማንም ቤት አይገባም፣ ማንም አያነደውም፤ እዚያው ለደብሩ ይሆናል። ታዲያ ሰዉ ከዛፉ ድርሻ አድርጎ የሚያገኘው ገመዱን መያዙን ብቻ ነው። አሁን ሳስበው ይገባኛል። ያኔ ግን መንገድ ላይ ቆመን «መጎተቻ አያለቅስም፣ አይደክምም፣ አይደነግጥም፤ ለምን እሺ አልህ?» እያልሁ ወንድሜን ወጥሬ ያዝሁት። እሱ «የገመዱን ጫፍ ሜዳው መጨረሻ ያለው ዋንዛ ላይ እንጠመጥመዋለን። የሳቡት ወደ ኋላ አይመለስም፣ ዋንዛው ይይዝልናል» አለኝ። ያ ልክ ነበር። ሰዉ ሁሉ ለቅቆ ዋንዛው ብቻ ቢይዘው እንኳ ልክ ነበር።

በሥራው ዋዜማ በጀልባ ተሻገርን። ያን ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ወደ ጀልባው ስሄድ ትልቁ ገመድ የለም። ደንግጬ ዞር ስል በአጥሩ ርዝመት ሁሉ፣ ከእንጨት እንጨት እየተጠማዘዘ ተሰጥቶ አየሁት፤ ውሃው ያንጠባጥባል። ማን እንዳሰጣው አልጠየቅሁም። ፀሐይዋ ወዲያው በረታች፤ ወንድሜ ዛፉ ላይ ወጥቶ ወደ ጎጆዋ የተዘረጉትን ቅርንጫፎች መልምሎ እስኪጨርስ ገመዱ ክው ብሎ ደርቆ ነበር። እኔው ነኝ ጠቅልዬ ያመጣሁት፤ እጄን ይፍቅ ነበር።

ሰው መጣ። ከጠበቅነው በላይ መጣ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ዛፉን ጠበል ረጩት፤ መጋዙንም ሲረጩት ውሃ እንዳይገባው ሞተሩን በነጠላዬ ሸፈንሁት፤ ወንድሜ አይቶኝ ፈገግ አለ። ከዚያ ለሰዉ ተናገረ። ድምፁ ስለማይሰማ እኔ ደገምሁለት። «ሳቡ ስትባሉ ሳቡ። ዛፉ መሄድ ሲጀምር ይጮኻል። ሲጮህ እንዳትለቁ፤ የምትበረቱት ያኔ ነው።» ሁሉም እሺ አሉ። እናታችን ደጀ ሰላሙ ጋ እንዲቀመጡ አስማምተን ነበር፣ ሄደውም ነበር።

ወንድሜ የዛፉን አፍ ከፍቶ ከጀርባ መቁረጥ ሲጀምር እኔ ገመዱ ዘንድ፣ ሰዉንም እሱንም የማይበት ቦታ ቆምሁ። ያኔ ነው ያየሁት። ገመዱ ላይ እጅ ማሳረፊያ ጠፍቶ ከኋላ ያሉት ሰዎች ዋንዛው ላይ የጠመጠምነውን ፈተው ጫፉን ለራሳቸው ወስደዋል። ለመያዝ ያልደረሳቸው ሰዎች ናቸው፤ በረከቱ እንዳያመልጣቸው ነው። እየሮጥሁ ሄድሁ። «መልሱት! አሁኑኑ ጠምጥሙት!» ብዬ ጮህሁ።

«ልጄ፣ ቁጣህን አብርድ» አሉኝ ቄሱ። «ይህን ሁሉ ሰው አታይም? ዛፍ ከሚይዘው ይህ ሁሉ ሰው ቢይዘው አይሻልም?»

ወንድሜ መጋዙን አጠፋ። እሱ እንኳ ይቆጣል ብዬ ነበር። ሰዉን አየ፤ ገመዱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንዳይወሰድባቸው የፈሩ ሕፃናት መስለው፣ ወደ እሱ ያያሉ። ማስቀየም አልቻለም።

«ተዋቸው» አለኝ። «ይበቃል። ሰዉ ብርቱ ነው።»

ወደ ቦታዬ ተመለስሁ። ምን ላድርግ? ዛፉ ግማሹ ተቆርጧል፣ እንዲሁ ቆሞ ሊያድር አይችልም። ወንድሜ ቁርጡን ጨረሰ፣ መጋዙን ወደ ጎን አደረገና ሽብልቁን ከጎጆዋ በኩል ባለው ስንጥቅ ከተተ። መዶሻውን አነሣ። «ሳቡ!» አልሁ።

ሳቡ። እውነቱን ልናገር፣ ብርቱ ነበሩ። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ወንድሜ መታ፤ እነሱ ሳቡ፤ እሱ መታ። ሾላው ከጎጆዋ ላይ ቀስ እያለ ተነሣ። ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያዋ ላይ ፀሐይ አረፈች። ሰዉ ይህን ሲያይ በደስታ ጮኸ፤ እኔም ራሴ ደስ አለኝ፣ ዋንዛውንም ረሳሁት። ያኔ ዞር ስል እናቴን አየኋቸው። ደጀ ሰላሙ ጋ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ መቋሚያቸውን ይዘው ከገመዱ ፊት፣ ሁሉም በሚያያቸው ቦታ ቆመዋል። ዓይናቸው በልጃቸው ላይ ነው።

ልጓሙ ጮኸ።

የምንጠብቀው ድምፅ ነው። ዛፉ መሄዱን የሚናገር ድምፅ ነው። ግን የትልቅ ሾላ ልጓም ሲሰነጠቅ መብረቅ አጠገብ የወደቀ ነው የሚመስለው፤ ከሐይቁ ላይም ያስተጋባል። ሰው ሲደነግጥ ምን ያደርጋል? እኛ አገር የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እጁ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሐሳብ የማይጠይቅ ነገር ነው። በመጀመሪያ የተነሣው እጅ የእናቴ ነው። አየሁት። ድምፃቸውም አብሮ ወጣ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!»

መነኵሲት ስትጀምር ምእመን ይከተላል። ቀኝ እጅ ሁሉ ከገመዱ ተነሥቶ ወደ ግንባር ሄደ። በግራ እጅ ብቻ የተያዘ ገመድ ተያዘ አይባልም። ከመዳፋቸው ሾልኮ ሣሩ ላይ እየተገረፈ ሲሄድ፣ ሁሉም እያማተቡ፣ ምን እንደሆነ ገና አልገባቸውም ነበር።

ወንድሜ ገብቶታል። የሚሸሽበትን መንገድ ጠዋት ራሱ ጠርጎ አዘጋጅቷል፤ በሐይቁ በኩል ወደ ኋላ አግድም። እኔን ያስተማረኝ የመጀመሪያው ነገርም ያ ነው፣ ዛፉ ሐሳቡን ከቀየረ መጋዝህን ጥለህ ሂድ። አልሄደም። ዛፉ ወደ ጎጆዋ መመለስ ሲጀምር እሱ በዚያው በኩል ቆሞ መዶሻውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ሽብልቁን መታ። ጮህሁ፤ አልሰማኝም ወይም ሰምቶኛል። እንደገና መታ። ልጓሙ ሲበጠስ ግንዱ በዚያ ሽብልቅ ላይ ዞረ፣ ከጎጆዋ ቀኝ ባለው ባዶ ቦታ ላይ አጥሩን ሰብሮ ወደቀ፤ ከጉቶው የተነሣው የግንዱ ጫፍ ደግሞ ወደ ኋላ ዘሎ ደረቱን አገኘው።

ጀልባው ድረስ እንኳ አላደረስነውም። ሣሩ ላይ ሞተ። ጎጆዋን አንድ ቅጠል አልነካትም።

የቀበርነው እዚያው ነው። በልቅሶው ላይ ሰው እርስ በርሱ መጠቋቆም ጀመረ። ማን ነው ቀድሞ የለቀቀው? አንተ ነህ፣ እሱ ነው፣ ከኋላ ያሉት ናቸው፣ ዋንዛውን የፈቱት ናቸው። የጠገቡ ወጣቶች በአንድ ደካማ ሰው ላይ ሊነሡበት ሁሉ ደረሱ። ቄሱ ወደ እኔ መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ልጄ፣ አንተ ፊት ለፊት ነበርህ» አሉኝ። «ማን ነው? ንገረንና ንስሐ ይግባ፣ ሰዉም ይረፍ።»

ጥግ ላይ እናቴ ቆባቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተቀምጠዋል። የሚሰሙ ይሁን የማይሰሙ አላውቅም።

«ገመዱ ረጥቦ ነበር» አልሁ። «ጀልባ ውስጥ ነው ያደረው። አዳለጣቸው። ማንም አልለቀቀም።»

ሰው ሁሉ ተነፈሰ። ያ ቃል እንደ ጥላ ተዘረጋና ሁሉም ከሥሩ ተጠለለ። ያንገበግበኝ ነበር። ዋንዛውን የፈቱትን ነጻ አወጣሁ፤ «ቁጣህን አብርድ» ያሉኝን ቄስ ነጻ አወጣሁ። አንዳቸውንም ነጻ ማውጣት አልፈልግም ነበር። እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠራሁ መርገም ነበር የምፈልገው። ግን አንዱን ከነካሁ ነገሩ እየተያያዘ ፊት ቆመው ቀድመው ወዳማተቡት ወደ እናቴ ይደርሳል፤ ያ እንዳይሆን ሁሉንም ተውሁ። ከዚያም «ዕድሜው እስከዚያው ነበር» እያሉ ሲያጽናኑኝ ጥርሴን ነክሼ አሜን አልሁ። ዕድሜው እስከዚያው አልነበረም። መንገዱን ጠርጎ ነበር።

እናቴን ጠላኋቸው ወይ? አዎ፣ ለተወሰነ ጊዜ ጠላኋቸው። ስለታቸውን ጠላሁ፣ ጎጆዋን ጠላሁ፣ ያቺን ቀኝ እጅ ጠላሁ። ጀልባ ላይ ተሳፍሬ መሐል ሐይቅ ስደርስ ልመለስ የምልበት ጊዜ ነበር። ግን ሄድሁ። ሌላ ልጅ የላቸውም።

ግንዱ እዚያው አለ። የደብር ዛፍ ስለሆነ ማንም ሰው ወደ ቤቱ አይወስደውም፤ ደብሩ ደግሞ ሰው የሞተበትን እንጨት አልፈለገውም። ከጎጆዋ ጎን ተጋድሞ ይበሰብሳል፤ ቅርፊቱ ተላጦ ነጭ ሆኗል፣ እንጉዳይ በቅሎበታል። እናቴ ከሰዓት በኋላ ወጥተው እዚያ ላይ ይቀመጣሉ። እኔም ስሄድ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ስኳርና ሻማ ይዤላቸው እሄዳለሁ፤ ስለ ሚስቴ ይጠይቁኛል፣ ስለ ሥራ ይጠይቁኛል። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ገመዱን መጋዘን ውስጥ ቆልፌበታለሁ፤ ሥራ የምሠራው በሌላ ነው። እሱን ሸጬ መገላገል ነበረብኝ፤ አልሆነልኝም።

ፔዳ ያለውን ባሕር ዛፍ ከጣልሁ በኋላ ባለው ሳምንት ሄጄ ነበር። ቤቱን አልነካም፤ ተማሪዎቹ ተከፍተው ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ይህን ስነግራቸው እናቴ ትንሽ ፈገግ አሉ። ግንዱ ላይ ተቀምጠናል። ከደቅ ደሴት በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ዝናብ በሐይቁ ላይ እየመጣ ነው፤ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፣ ውሃው እየነጣ። ድንገት ነጎድጓድ ከራሳችን በላይ ፈነዳ። አጠገባችን ከነበሩት ጎጆዎች ደጅ ላይ ያሉ መነኮሳይያት ሁሉ «በስመ አብ» ብለው አማተቡ። እኔም እጄ ተነሣ።

የእናቴ እጅ አልተነሣም። ከነጠላቸው ሥር እንዳለ ቀረ። ነጠላው ከሥር ሲገፋ አየሁ፣ ክንዳቸው መነሣት ፈልጎ ነበር፤ ያዙት። ከዚያ በፊትም እንዲህ አድርገው እንደነበር፣ በዚያ ግንድ ላይ ተቀምጠን ስንት ጊዜ ሰማይ እንዳጓራና አንድም ጊዜ ሲያማትቡ እንዳላየሁ፣ ያኔ ነው የገባኝ። መነኵሲት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያማትባሉ፣ ምግብ ሲቀርብ ያማትባሉ። ሲደነግጡ ግን አያማትቡም። እያየኋቸው እንደሆነ አዩ።

«ያኔ፣ በልቅሶው» አሉኝ፤ «ገመዱ ምን ሆኖ ነበር ያልኸው?»

«ረጥቦ ነበር፣ እማሆይ። ጀልባው ውስጥ አድሮ።»

ዝናቡ ዳር ደርሶ ደንገሉን መምታት ጀመረ።

«ከጸሎት ስመለስ አግኝቼ ከጀልባው እየጎተትሁ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «አጥሩ ላይ ያሰጣሁትም እኔ ነኝ። ልጄን እንዳያዳልጠው ብዬ።» ወደ ሐይቁ እያዩ ነበር የሚናገሩት። «ክው ብሎ ደርቆ ነበር።»

«እናቴ» አልኋቸው። ከነጠላቸው ሥር ቀኝ እጃቸውን ፈልጌ ያዝሁት፤ አልከለከሉኝም። ዝናቡ ሲደርስብን ደግፌ አስነሣኋቸውና ወደ ጎጆዋ ገባን። አታፈስም።